ዳማንና ቡሬን ያመጣችልን ዘይነባ

የዘይነባን ሞት የሰማሁት መድኃኒት ለመግዛት ተሰልፌ ሳለሁ ነው። ከመካነ ብርሃን የመጣ አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ከፊቴ ቆሞ ከጓደኛው ጋር ያወራል። «የላብራቶሪዋ ሴትዮ እኮ አረፈች» አለው። «መነጽሯን በጥቁር ክር አስራ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለዋ።» የግድግዳውን ጥግ ይዤ፣

«ወንድሜ፣ ስሟ ማን ነው?» አልሁት።

«ሲስተር ዘይነባ ነበር የምንላት። እኛ ጋ ጀናሞራ እስላም ጥቂት ነው፤ ጉድጓዷን የቆፈረው ያገሩ ክርስቲያን ነው። ሼሁን ከደባርቅ አስመጥተን አሰገድንባት። ምነው፣ ዘመድሽ ናት?»

«ጎረቤቴ ነበረች» አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ? ከጎረቤት ለሚበልጥ ሰው ስም አላውቅም።

መድኃኒቱንም ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ይህን የምጽፈው እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት፣ ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይለፈኝ። የአብዮቱ ዘመን አለፈ ይላሉ። እኔ ግን አሁንም በሬ ላይ ማኪና ሲቆም እጄ የያዘውን ይጥላል። ይህንንም ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ መስኮቱን ልዘጋ ሄጃለሁ፤ ተዘግቶ ነበር።

ዘይነባ ይህን ብታይ ትስቅብኝ ነበር። ፍርሃቴን «እንግዳሽ» ነበር የምትለው። ጧት ወደ ሥራ ስታልፍ በሬን ታንኳኳና፣ «የስንዱ እናት፣ እንግዳሽ ዛሬም ተነሥቷል? ወንበር ስጭውና በሩን ክፈችልኝ» ትለኛለች። እኔም ስቄ እከፍትላታለሁ። ማንም ሳይጠራኝ ከምከፍተው በር ይልቅ የሷ ጥሪ ያለበት በር ቀለል ይለኝ ነበር።

ቤተሰቦቿ በከተማችን አዲስ አለም ሰፈር የታወቁ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። እሷ ግን ከጨርቁ ትምህርቱን መርጣ ሆስፒታል ላብራቶሪ ገባች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ የቸኮለች፣ ስትቀመጥ ደግሞ የማትነሣ ሴት። አንድ ጊዜ አግብታ ፈታለች። ለምን እንደፈታች ስጠይቃት፣ «ሸጋ ሰው ነበር፤ ግን ሲበላ ይሰማል» አለችኝ። ከዚያ በላይ አንድም ቀን አልተናገረችም። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ በሚያወራበት በዚያ ዘመን የሷ ሳቅ የግቢውን አጥር ዘሎ እኛ ቤት ይገባ ነበር። ልጄ ስንዱ ሳቋን በሰማች ቁጥር፣ «እትዬ ዘይነባ ከሥራ መጣች» ትላለች፤ ሰዓት አያስፈልገንም ነበር።

የልጆቼ አባት ግብርና ቢሮ ነበር የሚሠራው። አብረውት የሚሠሩት ሰዎች አንድ በአንድ መወሰድ ሲጀምሩ፣ አንድ ጧት ገና ሳይነጋጋ ተነሥቶ፣ ከሰሊጥ ነጋዴዎች ጋር በሳንጃ በኩል ወደ ሱዳን ወጣ። ልጆቹ ተኝተዋል ብለን ነበር። ትንሹን ልጄን ጌታነህን ግን፣ ያኔ አምስት ዓመቱ ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘነው። የመንገዱን ስም ሰምቷል። አባቱ በርከክ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘና፣

«ጌቴ፣ ለሰው እንዳትናገር። ለማንም ሰው። እሽ?» አለው።

ልጄ ራሱን ነቀነቀ። አባቱም ሄደ።

ከዚያች ጧት ጀምሮ ጌታነህ አልተናገረም። የአባቱን ብቻ አይደለም፤ ምንም አልተናገረም። ውሃ ሲጠማው እንስራውን ያሳየኛል። ሲያመው እጄን ወስዶ ካመመው ላይ ያደርገዋል። ለሰው አትናገር ተብሏል፤ አልተናገረም፤ በቃ። ምን ያህሉ ምስጢር፣ ምን ያህሉ ደግሞ ተራ ነገር እንደሆነ የአምስት ዓመት ልጅ በምን ይለየው?

ጎረቤት፣ «ልክፍት ነው፣ ጸበል ውሰጅው» አለኝ። ወሰድሁት። ባይድንም ሰው ሁሉ በሽታ ነው ብሎ አመነልኝ። ለእናት ከባድ ነገር ነው የምጽፈው። የልጄ ድምፅ እየናፈቀኝ፣ ሲያንቀላፋ ባፉ በኩል ትንፋሹን እያዳመጥሁ፣ በልቤ ደግሞ ዝም በል ልጄ፣ ዝም በል እለው ነበር። የቀበሌ ሰዎች ልጆችን ከረሜላ እየሰጡ ይጠይቁ ነበርና። ከተናገረ አባቱን ያስይዛል፤ ካልተናገረ እንዲያው እንደደረቀ ይቀርብኛል። እኔ በዚህ መሐል ነበርሁ።

ለዘይነባ ብቻ ነገርኋት። በማግስቱ የሻይ ቅጠል የመጣበት የሳንቃ ሣጥን ተሸክማ መጣች። ውስጡ ገለባ፤ ከገለባው ሥር ሁለት ነገር ይንቀሳቀሳል።

«አይጥ!» ብላ ስንዱ አልጋ ላይ ወጣች።

«አይጥ ጅራት የለውም እንዴ?» አለች ዘይነባ። «ፈልጊ እስቲ ጅራቱን፤ ካገኘሽ ላንቺ።»

ስንዱ ወርዳ ብትፈልግ ጅራት የለም። ጆሮው እንደ ጽጌረዳ ቅጠል የሳሳ፣ አፍንጫው የማያርፍ፣ ከድመት የሚያንስ ከአይጥ የሚበልጥ እንስሳ። ላብራቶሪ ውስጥ ጊኒ ፒግ ይሏቸዋል አለችን። ሲያረባቸው የነበረው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የሚቀልባቸው ጠፍቶ ሊፈጇቸው ነበርና፣ ሁለቱን አስፈቅዳ ወስዳለች። አንዷ ቡናማ፣ አንዷ ጥቁርና ነጭ። ሁለቱም ሴቶች። ስንዱ እንደ ከብት ስም አወጣችላቸው፤ ዳማና ቡሬ።

እኔ ግን ተቆጣሁ። «እታለም፣ ይሄን ሰኮና የሌለው ነገር ቤቴ ታስገቢያለሽ? ዕቃዬን ቢነካብኝስ? የንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል?»

«ላንቺ አይታረድ፣ ለኔም አይታረድ» አለች። «ከዶሮ እስከ በሬ ያንቺ ሥጋና የኔ ሥጋ እየተባለ ሲለያየን ኖሯል። ይሄ ግን በፋሲካም በአረፋም ቢላ አያይም። ካንቺም ከኔም ወገን አይደለም፤ ስለዚህ የጋራችን ነው። ይልቅ ጎመን አምጭ።»

እውነቷን ነበር። የሷ ቤትና የኔ ቤት ድግስ ሲኖር ለየብቻ ነው የሚታረደው፤ እሷ ስትመጣ እኔ ሽሮ እሠራላታለሁ፣ እኔ ስሄድ እሷ ምስር ትሠራልኛለች። በነዚህ በሁለቱ እንስሶች ላይ ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም። የንስሐ አባቴም መጥተው አይተው፣ «አይበላም እንጂ ቢወደድ ምን አለበት» አሉ። ሲወጡ የጎመን ቅጠል ወደ ሣጥኑ ጣል ሲያደርጉ አይቻለሁ።

ዘይነባ ልጆቹን መሬት ላይ አስቀምጣ ሥርዓቱን ነገረቻቸው። ቆሞ መያዝ ክልክል ነው፤ ከወደቁ አጥንታቸው ይሰበራል። በሁለት እጅ ነው፤ አንዱ እጅ ከደረት ሥር፣ አንዱ ከቂጥ ሥር። የድንች ቅጠል መርዝ ነው። ጎመን፣ የካሮት ቅጠል፣ ሣር በየቀኑ ትኩስ መሆን አለበት፤ የትናንቱ አይሆናቸውም። ማታ ማታ ገለባው ይቀየራል። በመጨረሻም፣

«የያዛት ሰው የሚያወራው ከሷ ጋር ብቻ ነው» አለች። «ከሌላ ሰው ጋር ካወራ ትደነግጣለች። ቀስ ብሎ፣ በጆሮዋ።»

ይህ የመጨረሻው በእውነት የላብራቶሪ ሥርዓት ይሁን፣ ወይስ ለኔ ልጅ ብላ ያኔ የፈጠረችው ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም። ብጠይቃት፣ «ምነው፣ ልጅቷ እንድትደነግጥ ትፈልጊያለሽ?» ብላ አለፈችኝ።

ጌታነህ ከሣጥኑ አጠገብ አልጠፋ አለ። ጎመን ስቀነጥስ ከእጄ ይነጥቀኛል። ዳማ ኮቴውን ለይታ ገና በር ሳይገባ «ዊ፣ ዊ» እያለች ታፏጫለች፤ እሱም ይሮጣል። አንድ ቀን ከጓሮ ስገባ የሆነ ድምፅ ሰማሁ። ስንዱ ትምህርት ቤት ናት። ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። ልጄ ዳማን ታቅፎ ጆሮዋ ላይ ተደፍቷል። ያወራል! የልጄ ድምፅ! ግድግዳውን ተደግፌ እንባዬ ሲወርድ፣ የሚለውን ሰማሁት፦ «አባዬ በሳንጃ በኩል ሄደ። ከሰሊጥ ነጋዴዎች ጋር። ለሰው አይነገርም።»

እንባዬ ባለበት ደረቀ። በሩን ጥዬ ዘይነባ ጋ ሮጥሁ።

«ውሰጅልኝ! ዛሬውኑ እንስሶችሽን ውሰጅልኝ! ሁሉን እየነገራቸው ነው!»

«ተናገረ?» አለች፤ ሌላውን የሰማችም አትመስል። «ተናገረ ነው የምትይኝ?»

«አባቱን ነው የሚናገረው፣ እታለም! ሰው ቢሰማስ?»

እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ልጅሽ ካንቺም ከኔም ይበልጣል። ለሰው እንዳትናገር ነው የተባለው። ዳማ ሰው ናት? ፈልጎ ፈልጎ ቃሉን ሳያፈርስ የሚተነፍስበት አገኘ። ይሄን ከዘጋሽበት ሌላ ቀዳዳ የለውም።»

አልወሰደቻቸውም። እኔም ዳግመኛ ውሰጅ አላልሁም። ጌታነህ ሲያወራ ግን በር ላይ እየተቀመጥሁ መንገዱን እጠብቅ ጀመር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጓሮ ልብስ ሳጥብ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መጡ። አንደኛው ግቢው በር ላይ ቀረ፤ አንደኛው፣ ገና ጢሙ ያልሞላ ልጅ፣ ጠመንጃውን ይዞ ቤት ገባ፤ እኔም እጄን ሳላደርቅ ተከተልሁት። ፍራሹን ገለበጠ። የዱቄቱን ዕቃ በእንጨት ወጋው። ከዚያ ሣጥኑን አየ።

«ይሄስ? ከገለባ ሥር ሰነድ ይደበቃል፤ እናውቃለን» አለና ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እጁን ሰደደ። ዳማን በኋላ እግሯ አንጠልጥሎ አወጣት። እሪ አለች።

«እንዲህ አይያዝም!»

ጌታነህ ነው። በመሐላችን ቆሟል። «ቁጭ በል! በሁለት እጅ ነው! ትሞታለች!»

ጥበቃው ደነገጠና ቁጭ አለ፤ እውነት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ልጄ እጁን እየያዘ አንዱን ከደረቷ፣ አንዱን ከቂጧ ሥር አደረገለት። ዳማም ጸጥ አለች። የሰውዬው ፊት ተለወጠ፤ እሱም የሰው ልጅ መሆኑ ያን ጊዜ ታየኝ።

«ሸጋ ናት» አለ። ቀጥሎ ግን ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ ልጅ ድዳ ነው ብለሽ አልነበር?»

ጌታነህን ወደኔ ልስበው እጄን ዘረጋሁ፤ ጥበቃው ቀደመኝ።

«የኔ ወንድም» አለው ለጌታነህ፣ ድምፁን አለሳልሶ፤ «አባትህ ወዴት ነው የሄደው? ንገረኝ፤ አልቆጣህም።»

ልጄ ሰውዬውን አየው። ለሰው አይነገርም። ግን የአባቱ ነገር ተነሣ፤ የአባቱ ነገር ሲነሣ ደግሞ የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ጎንበስ ብሎ፣ ሰውዬው ጭን ላይ ወዳለችው ዳማ ጆሮ ተጠጋና ማንሾካሾክ ጀመረ። ሰውዬውም ሳቅ ብሎ ጆሮውን አብሮ አስጠጋ።

የሳሙና አረፋ ከእጄ ሲንጠባጠብ ይታየኛል።

«ጆሮህን አንሣ!»

ዘይነባ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች በሩን ሞልታ ቆማለች። ምሳ በልታ ወደ ሥራ ስትመለስ የግቢውን በር ጥበቃ አይታ ነው የገባችው። «አንሣ ነው የምልህ! የሳምባ ነቀርሳ የተወጉ የላብራቶሪ እንስሶች ናቸው! ትንፋሿ ገባብህ? ተነሥ፣ ተነሥ!»

ሰውዬው እሳት እንደነካው ተስፈነጠረ። ጌታነህ ዳማን ባየር ላይ ቀለባት። «ውሃ! ውሃ አምጭ!» አለኝ ሰውዬው፤ ያው የልብስ እጣቢዬን ከጓሮ አምጥቼ አፈሰስሁለት፤ ጆሮውን፣ እጁን፣ አፉን በሳሙና አጠበ። እየተፋ ወጣ። ግቢው በር ከደረሰ በኋላ ተመልሶ ከሩቅ ቆመና አንገቱን እያሻሸ፣ «ጠመንጃዬን... አቀብሉኝ» አለ። ዘይነባ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወስዳ ሰጠችው።

ሲሄዱ መሬት ላይ ተዘርፍጣ እስክታነባ ሳቀች። መነጽሯን ልትጠርግ ስታነሣ ግን ከጣቷ አመለጣት። አይታ፣ «ምን ታያለሽ? እንግዳሽ ዛሬ እኔ ቤት ገባ» አለችኝ።

«እውነት ታመዋል እንዴ?» አልኋት።

«ካንቺና ከኔ ይልቅ ጤነኞች ናቸው።»

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። የነቀርሳ እንስሳ ሕዝብ መሐል አስገብታለች ተብላ በቀበሌው አዳራሽ ለሂስና ግለ ሂስ ቀረበች። እኛም ተጠርተን ተቀምጠናል። ሊቀመንበሩ የመንግሥት ንብረት ስለማውጣት፣ የሰፊውን ሕዝብ ጤና ስለማቃወስ ብዙ ተናገረ። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ጤነኞች ናቸው ብትል፣ መርምሯቸው ብትል ነፃ ናት። ግን ያኔ፣ ታዲያ ለምን ዋሸሽ? ያን ሰዓት ልጁ ምን እያለ ነበር? ይሏታል። እኔ ለመነሣት ወንበሬን ያዝሁ። ከፊት ሆና አየችኝና ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ከፈተች፤ ቁጭ በይ ማለቷ ነው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ እየጠረገች፣

«ጓዶች፣ አጥፍቻለሁ። ሂሱን ተቀብያለሁ» አለች።

ያቺ በሁሉ ነገር የምትመልስ ሴት ሌላ አልጨመረችም። ወደ መካነ ብርሃን ጤና ጣቢያ እንድትዛወር፣ እንስሶቹም እንዲወገዱ ተወሰነ። «ማስወገዱን እኔ እፈጽማለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካ» አለች። ሁሉም በደስታ ተስማማ።

ከዚያ ወዲህ የቀበሌ ሰው በሬን አልረገጠም። ሰው በግቢያችን ሲያልፍ አፍንጫውን በነጠላው ይሸፍናል። የሌላው ሰው ፍርሃት ለኔ ዘበኛ ሆነልኝ። የልጆቼ አባት ደግሞ ሱዳን በሰላም መግባቱ ተሰማ፤ የሱን ነገር እሱ ይጻፈው።

ዘይነባን ከዚያ በኋላ ያየኋት አንድ ጊዜ ነው፤ እናቷ ሲሞቱ ለለቅሶ ወርዳ። ፀጉሯ ነጭቷል፤ ጉንጯን ብርዱ አቃጥሎታል። እንስሶቹን ምድጃ ዳር አኑራ በገብስ ቡቃያ እንደቀለበቻቸው፣ ዳማ አርጅታ እንደሞተች፣ የአገሩ እናቶች ሕፃን ሊያስከትቡ ሲመጡ ልጆቹ ቡሬን ካላየን አንወጋም እንደሚሉ ነገረችኝ። «ነይና እይው፤ ደመናው ከግርሽ ሥር ነው» አለችኝ። እሽ አልኋት። የመንገዱ ኬላ አስፈርቶኝ ከረምሁ፤ ስል ስል ይኸው ቀብሯን ከሰው አፍ ሰማሁ። አሁን የሚናፍቀኝ ትልቁ ነገር አይደለም። በሬን የምታንኳኳው ማንኳኳት ነው። ማታ አጥሩን ዘሎ የሚመጣው ሳቅ ነው። አጥሩም አለ፣ ማታውም ይመጣል።

ከሁሉ ይልቅ የምትታየኝ ግን በሄደችበት ጧት ነው። የሆስፒታሉ ላንድሮቨር እስከ ደባርቅ ሊያደርሳት ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ነው። ጌታነህ ሣጥኑን አላስነካም ብሎ እየተንገዳገደ እስከ ማኪናው ተሸከመው። ያን ቀን ለጥበቃው ከጮኸ ወዲህ ከእንስሶቹ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለም ነበር። ዘይነባ በርከክ አለችለትና፣

«ጌቴ፣ የነገርሃቸውን ሁሉ ይዣቸው ነው የምሄደው። እዚያ ተራራ ላይ ማንም አይጠይቃቸውም» አለችው።

ልጄ ሣጥኑን አየ፤ እሷን አየ።

«እትዬ ዘይነባ» አላት። «ዳማ ብርድ አትወድም።»

አንገቱን አቅፋ ቆየችና መነጽሯን ሳታስተካክል ገባች። ማኪናው ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጌታነህ ቀና ብሎ፣ «እማዬ፣ ለሰው ተናገርሁ። አባዬ ይቆጣኛል?» አለኝ።

«አይቆጣህም ልጄ» አልሁት።

ከዚያ ጀመረ። ስለ ዳማ ጥርስ፣ ስለ ቡሬ ስስት፣ ስለ ጥበቃው ጢም፣ ስንዱ ስለሰረቀችው ስኳር፣ ያ ሁሉ ጊዜ የተጠራቀመው እየተደፋ፣ በገበያው መንገድ ላይ ከፍ ባለ ድምፅ ያወራል። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፣ ዘወር ብሎ የሚያየንም አለ። ድምፅህን ቀንስ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ልጄ ትንፋሽ ለመውሰድ ሲቆም፣ «እሽ፣ ከዚያስ?» አልሁት።